ሞሪ ዊልስ፣ የዋሽንግተን ልጅ

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ ወላጆችና ወጣቶች፤

በጆርጂያ ጎዳና፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ያለው የቤዝቦል ሜዳ በሞሪ ዊልስ ስም ይጠራል። ልጆቻችን የሚያድጉት በዚህችው ከተማ ነውና፣ ከተማዋ ስላፈራችው ስለዚህ ሰው ልናገር ወድጃለሁ።

ዊልስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 ከሰባኪ አባት ተወለደ። በ1950 ከካርዶዞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደወጣ ለዶጀርስ የቤዝቦል ቡድን ቢፈርምም ዋናውን ሊግ የረገጠው በ1959 ነው፤ በመካከሉ ከስምንት ዓመት በላይ በታችኞቹ ሊጎች ከከተማ ከተማ ተንከራቷል። ተስፋው በተሟጠጠበት ወቅት፣ በስፖኬን አሰልጣኙ የነበረው ቦቢ ብራጋን በቀኝ ብቻ ይመታ የነበረውን ተጫዋች በግራም እንዲመታ አስተማረው።

በሜዳ ላይ ቦታው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ፣ ማለትም ሯጩ በተራ ከሚረግጣቸው የሜዳው ማዕዘኖች መካከል የሚቆመው የሾርትስቶፕ ተከላካይ ቦታ ነበር፤ ስሙን ያስጠራው ግን ቤዝ መስረቁ ነው። ወርዋሪው ኳሱን ወደ መቺው ሊለቅ ሲል ተፈትልኮ፣ ኳሱ ሳይቀድመው ቀጣዩ ቤዝ ላይ ተንሸራቶ መድረስ ለእግር ፍጥነት ብቻ የሚተው አይደለም፤ ዊልስ የእያንዳንዱን ወርዋሪ እንቅስቃሴ አጥንቶ ሰውየው መቼ እንደሚወረውር አስቀድሞ ያውቅ ነበር። በ1962፣ የቀድሞው ተጫዋች ታይ ኮብ በ1915 ያስመዘገበውን የ96 ቤዝ ክብረ ወሰን አልፎ 104 ቤዝ ሰረቀ፤ የተያዘውም 13 ጊዜ ብቻ ነው። መንሸራተቱ እግሮቹን ልጦ ያደማቸው ስለነበር በፋሻ ጠቅልሎ ይጫወት ነበር። የሳን ፍራንሲስኮ ሜዳ ሠራተኞች እንዳይሮጥባቸው ብለው የመሮጫውን አፈር በውኃ አጨቀዩት፤ በእኔ እምነት ከዚህ የሚበልጥ ምስክርነት የለም። የዚያ ዓመት የናሽናል ሊግ ምርጥ ተጫዋች ሽልማትም የእርሱ ሆነ።

በ1972 ጨዋታ ሲያቆም የሰረቃቸው ቤዞች 586 ደርሰው ነበር። ከዚያ በኋላ የሲያትል ቡድን አሰልጣኝነቱ አልሰመረለትም፤ የኮኬይን ሱስም ዓመታቱን በላበት። ይህን ከወጣቶቻችን ልንሸሽግ አይገባም፤ እርሱ ራሱ አልሸሸገውምና። ከሱሱ ወጥቶ ወደ ዶጀርስ ተመለሰ፤ ወጣት ተጫዋቾችንም አስተማረ። ከተማሪዎቹ አንዱ ዴቭ ሮበርትስ በ2004 ለቦስተን ሲጫወት፣ ቡድኑ በተቀናቃኙ በያንኪስ ከውድድሩ ሊሰናበት ጥቂት ሲቀረው ሁለተኛውን ቤዝ ሰርቆ ጨዋታውን ገለበጠው፤ በኋላም የዶጀርስ አሰልጣኝ ሲሆን ለመምህሩ ክብር 30 ቁጥርን ለበሰ።

ዊልስ በ2022፣ በ89 ዓመቱ አረፈ። በሕይወት ሳለ የታላላቅ ተጫዋቾች መታሰቢያ የሆነው የኩፐርስታውን የቤዝቦል ዝና አዳራሽ በር አልተከፈተለትም። ሉ ብሮክና ሪኪ ሄንደርሰን ከእርሱ በኋላ ክብረ ወሰኑን እየሰበሩ ወደ አዳራሹ የገቡት እርሱ በጠረገው መንገድ ነውና፣ ይህ መታረም ያለበት በደል ነው እላለሁ።