ክሩን ዝቅ አድርጊው

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ነው የማወራችሁ። ደብረ ማርቆስ፣ እናቴ መኝታ ቤት ስላለችው።

እማዬ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነስታ ዳዊቷን ትደግማለች። የዓይን ሞራዋ ከተገፈፈላት ወዲህ ግን ደማቅ መብራት በድንገት ሲበራ ዓይኗን ይወጋታል። ስለዚህ ጧፍ ታበራለች። ባለፈው ስሄድ ነጠላዋን ሳጥፍላት ጥለቱ አጠገብ ጥፍር የምታህል ቀዳዳ አየሁ። ዳር ዳሯ ጠቁሯል። «ምንም አይደል ልጄ፣ ቶሎ አጠፋሁት» አለችኝ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ልጆች ሳለን ፋኖስ ነበረን። በጎኑ ያለችውን መዘውር ጠምዘዝ ስታደርጓት ክሩ ዝቅ ይላል። እማዬ እኛ ስንተኛ ዝቅ ታደርገዋለች እንጂ አታጠፋውም ነበር። መብራት ሲገባልን ብዙ ነገር አገኘን፤ ያችን መዘውር ግን አጣናት። ከዚያ በኋላ ወይ ቦግ ነው፣ ወይ ድርግም።

ዲመር የምትባል፣ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ የምታደርግ ማብሪያ ማጥፊያ አለች፤ የፋኖሷ መዘውር ናት። ገዛሁና በማግስቱ በቀን ብርሃን ሥራ ጀመርኩ። መጀመሪያ ኃይል መኖር አለመኖሩን የሚያሳየው ቴስተር ራሱ እንደሚሠራ ኃይል ባለበት ሶኬት ላይ አየሁ። ከዚያ ኃይሉን የሚቆርጠውን ብሬከር አጠፋሁ፤ ማንም እንዳይነካውም ለቤተሰቡ ተናገርኩ። ማብሪያ ማጥፊያውን ከፍቼ ሽቦዎቹን እንደገና ፈተሽኩ። ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሰማያዊ። ሰማያዊ ስላያችሁ ኒውትራል፣ ማለትም መመለሻው ሽቦ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ማብሪያ ማጥፊያ የሚቆርጠው ፌዙን፣ ማለትም ኃይል ይዞ የሚመጣውን ሽቦ ነው፤ ያ ሰማያዊ ሽቦ ወደ አምፖሉ የሚሄደው ፌዝ ሊሆን ይችላል። እጃችሁ ካልለመደ ደግሞ ባለሙያ ጥሩ። 220 ቮልት ነው፣ ምሕረት የለውም።

ገጥሜ ስጨርስ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። ዲመሯም እንደ ንብ ቀፎ አጉረመረመች። ልቤ ስብር አለ። ኋላ ነው ምክንያቱ የገባኝ። የአሁኖቹ ዲመሮች ብርሃኑን የሚቀንሱት ኤሌክትሪኩን በሰከንድ 100 ጊዜ እየቆራረጡ ነው። ጥንታዊው ባለ ክር አምፖል ክሩ እንደጋለ ስለሚቆይ መቆራረጡ አይታወቅበትም። ኤልኢዲ የሚባለው የአሁኑ አምፖል ግን ውስጡ የራሱ ትንሽ መሣሪያ አለው፤ ለዲመር ካልተሠራ ግራ ይገባዋል። ካርቶኑ ላይ «ዲመብል» (ለዲመር የሚሆን) የሚል ከሌለ አትግዙ። ዲመሯም ኤልኢዲ የምትችል መሆኗን ጠይቁ። እኔ ትክክለኛውን አምፖል እስካገኝ ብዙ ሱቅ ዞሬያለሁ። ብርሃኑ ቢጫ የሆነውን መረጥኩ፤ ነጩ ለሌሊት ዓይን ይከብዳል።

ዲመር የሆቴልና የትልልቅ ሳሎን ጌጥ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እኔ አሁን የማስበው ሌሊት ለሚነሳ አዛውንትና ለምታጠባ እናት ቢገባ ነው።

ያን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቃሁ። በበሩ ስንጥቅ ቀጭን ቢጫ ብርሃን ገብቷል። የጧፍ ሽታ የለም። እማዬ እየደገመች ነበር። ትንሽ ቆይታ እህቴን በቀስታ ጠራቻት፤ «ነይ እስቲ፣ ክሩን ትንሽ ከፍ አድርጊልኝ።»