ዲሹን ወደ ጢስ ዓባይ አዙሩት

(ምስል፦ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከኋላ ጣና። የዞረ ዲሽ፤ አጠገቡ መሰላል።)

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ጣሪያ ላይ ነኝ፤ የዞረውን ዲሻችንን ወደ ኢትዮሳት ልመልስ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ። እናቴ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣለች። ሥራዋ «መጣ!» እና «ሄደ!» ማለት ነው። ዲሽ ያለው ቤት ያደገ ሁሉ ይህን ሥራ ያውቀዋል።

ዲሽ ሲዞርብን ብዙዎቻችን የጎረቤቱን አይተን ነው የምናስተካክለው። እኔም እንደዚያ አድርጌ ግማሽ ቀን ፀሐይ በልቶኛል። ጎረቤቴ ለካ ናይልሳት የሚባለውን ሌላ ሳተላይት ነው የሚያየው! ናይልሳት ከእኛ ፀሐይ መጥለቂያ በኩል ነው፤ ከአድማስ 37 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ። ኢትዮሳት ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ፣ 63 ዲግሪ ገደማ ላይ። ሁለቱ አይገናኙም።

በነገራችን ላይ ኢትዮሳት የሳተላይት ስም አይደለም፤ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች የሚተላለፉበት አገልግሎት ስም ነው። ጣቢያዎቹ የሚመጡት ኤንኤስኤስ 12 ከምትባል ሳተላይት ነው። የሉክሰምበርጉ ኤስኢኤስ ንብረት ናት፤ በ2009 እ.ኤ.አ. መጥቃለች። ከምድር ወገብ በላይ፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ትገኛለች።

(ምስል፦ ጣት ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲጠቁም።)

አቅጣጫውን ለማግኘት ለባሕር ዳር ሰው ቀላል ዘዴ አለ። ጢስ ዓባይ ወዴት ነው? ከከተማው መሀል ሆናችሁ ወደ ፏፏቴው ጠቁሙ። ሳተላይቷም በዚያው በኩል ናት፤ ልዩነቱ ሁለት ዲግሪ ቢሆን ነው። ዲሹ ጀርባውን ለጣና ሰጥቶ ወደ ጢስ ዓባይ ያያል ማለት ነው። በስልክ ኮምፓስ ልሥራ የሚል 119 ዲግሪን ይፈልግ። ግን ከቆርቆሮው ወርዳችሁ፣ ከብረት ራቅ ብላችሁ። ቆርቆሮ ላይ ኮምፓስ ይዋሻል።

ዲሹን ከመንካታችሁ በፊት የተሸከመውን ብረት እዩት። ቀጥ ብሎ ካልቆመ ሌላው ልፋት ከንቱ ነው። ክር ላይ ድንጋይ አስራችሁ ቱንቢ ሥሩ፤ ይበቃል። ሌላው ደግሞ፣ ዲሹ 63 ዲግሪ ወደ ላይ እያየ ቀና ብሎ የቆመ ሊመስላችሁ ይችላል። ኤልኤንቢውን (ከዲሹ ፊት ያለውን ሲግናል ተቀባይ) የያዘው ክንድ ከሥር የሆነ ዲሽ ሁሉ እንደዚያ ነው። ዓይናችሁን ሳይሆን ከጀርባው ያለውን የዲግሪ ምልክት እመኑ።

ሪሲቨሩ ላይ ፍሪኩዌንሲ 11105፣ ሆሪዞንታል፣ ሲምቦል ሬት 45000 አስገቡ። ሁለት መስመር ታያላችሁ። የመጀመሪያው የሲግናል ጉልበት ነው፤ ዲሹ የትም ቢዞር ሊሞላ ይችላል፣ አትደሰቱበት። የምንፈልገው ሁለተኛውን፣ ኳሊቲ የሚለውን ነው። ትክክለኛዋን ሳተላይት ካላገኛችሁ እሱ አይነሳም።

ብሎኖቹን ላላ አድርጉ፤ ዲሹ ይንቀሳቀስ፣ ግን አይውደቅ። አሁን ቀስ! በጣት ውፍረት ግፉ፣ ቁሙ፣ እስከ አምስት ቁጠሩ። ሪሲቨሩ ለማንበብ ጊዜ ይፈልጋል። እዚህ አንዲት ዲግሪ ብትስቱ፣ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ስትደርስ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የሚበልጥ ስህተት ትሆናለች።

«መጣ! መጣ! ኧረ ሄደ!»

ሰማችሁ? ዘልዬዋለሁ። ግማሹን ልመለስ።

(ምስል፦ ኤልኤንቢው በቅርበት፤ እጅ ሲያዞረው።)

ኳሊቲው ተነስቶ ዝቅ ካለባችሁ ወደ ኤልኤንቢው ሂዱ። ብዙ ሰው የገመዱን መግቢያ ቁልቁል ወደ መሬት አድርጎ ያስረዋል። እኛ ጋ አይሠራም። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የሳተላይቷ ሞገድ አጋድሎ ነው የሚደርሰን። ከዲሹ ጀርባ ቆማችሁ ወደ ሰማይ እያያችሁ፣ ኤልኤንቢውን ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ አዙሩት። ትንሽ ሳይሆን በደንብ፤ ከ45 ዲግሪ አልፎ። በየመሀሉ ኳሊቲውን አስነብቡ።

ከዚያ ብሎኖቹን በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ። አንዱን ብቻ እስከ መጨረሻ ካጠበቃችሁ ዲሹ ይሸሻል።

ገመድ ስትፈቱም ስትገጥሙም ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀሉ። በገመዱ ውስጥ ለኤልኤንቢው ኃይል ይሄዳል፦ ለሆሪዞንታል 18 ቮልት፣ ለቨርቲካል 13። ገመዱ ካረጀ ወይ ኮኔክተሩ ውኃ ከገባበት 18ቱ ሳይደርስ ይቀራል። ያኔ በሆሪዞንታል የሚመጡት ጣቢያዎች ጠፍተው በቨርቲካል የሚመጡት ብቻ ሊቀሩ ይችላሉ። ዲሹን ሳይሆን ገመዱን ቀይሩ። የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ የሚጠፋው ግን ከናንተ ጥፋት አይደለም፤ እስኪያባራ ጠብቁ። እርጥብ ቆርቆሮ ላይም አትውጡ።

የመጨረሻው የዛፍ ጉዳይ ነው። የእኛ ማንጎ ዲሹ ሲታሰር ትንሽ ነበር። ለመሆኑ ዛፍ እንደጋረዳችሁ በምን ታውቃላችሁ? በመስቀል ማግስት፣ ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ልክ በሳተላይቷ ጀርባ ታልፋለች። መጋቢት 6 አካባቢም እንዲሁ። በነዚያ ቀናት ምስሉ ለጥቂት ደቂቃ ቢቆራረጥ አትደንግጡ፣ ዲሹንም አትንኩት። ይልቅ ወጥታችሁ ጥላውን እዩ። በዚያች ሰዓት የቅጠል ጥላ ዲሹ ላይ ካረፈ፣ ሲግናሉንም የጋረደው ያው ቅርንጫፍ ነው። እሱን ብቻ ቁረጡ። እናቴ ሙሉ ዛፉን አስነክታኝ አታውቅም።