ጥቅምት 30 እና የኤክሴል ፎርሙላ

ውድ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ እዚህ ጅማ በምሠራበት የቡና ማድረቂያ መዝገብ ላይ ለሳምንታት ስላስቸገረኝ፣ በኋላም ስላሳዘነኝ የቀን ስሌት ነው።

መዝገቡን የምንይዘው በኤክሴል ነው። እሸት ቡናው ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣበትንና ደርቆ የተነሣበትን ቀን በለመድነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር እናስገባለን፤ ፎርሙላው ከሁለተኛው ላይ የመጀመሪያውን ቀንሶ ቡናው ስንት ቀን እንደቆየ ይነግረናል። ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብዬ ባስገባሁባቸው ረድፎች ሁሉ ግን የቫልዩ ስህተት፣ ማለትም ፎርሙላው ሊያሰላው ያልቻለውን ነገር ሲያገኝ የሚያሳየው መልእክት ወጣ። ኤክሴል ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ ብሎ ስለሚያነብና ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው፣ የጻፍኩትን እንደ ተራ ጽሑፍ ቆጥሮ ወደ ሴሉ ግራ አስጠግቶታል፤ ቀን ብሎ የተቀበለውን ወደ ቀኝ ነው የሚያስጠጋው። እነዚያን ረድፎች በእጄ ቆጥሬ ሞላሁና ስህተት ያላሳዩትን አምኜ ተውኳቸው።

ከባዱ ጥፋት የነበረው ግን ባመንኳቸው ውስጥ ነው። ቡናውን የሚያገላብጡ አንዲት እናት ስለ አንድ አልጋ ስንነጋገር «ልጄ፣ 17 ቀን በእጄ አገላብጬዋለሁ» ሲሉኝ፣ መዝገቡን አይቼ «የለም እማማ፣ 15 ቀን ነው» አልኳቸው። ዝም አሉ። ያ ቡና ጥቅምት 25 ተሰጥቶ ኅዳር 12 የተነሣ ነው፤ ከጥቅምት የቀሩት 5 ቀናት፣ ከኅዳር ደግሞ 12 ቀናት፣ በድምሩ 17 ቀን። ኤክሴል ደግሞ በ2017 ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ስላለው ሁለት ቀን ጎድሎበታል። ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ።

መፍትሔው የተገኘው ኤክሴል ቀንን በውስጡ የሚይዘው በተራ ቁጥር መሆኑን ካወቅሁ በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ለእሱ 1 ነው። አሁን ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በ3 አምዶች ለይቼ እጽፋለሁ። ዓመቱ በ365 ሲባዛ የሚገኘውን፣ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ በኢንት ፎርሙላ የሚወጣውን ሙሉ ቁጥር፣ ወሩ በ30 ሲባዛ የሚገኘውን እና ቀኑን ደምሬ ከድምሩ 691194 እቀንሳለሁ። መስከረም 1 ቀን 2017 በዚህ ስሌት 45546 ይሆናል፤ ሴሉን ወደ ቀን ቅርጽ ስለውጠው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ይላል፤ ትክክል ነው። ጳጉሜንም 13ኛ ወር ሆና ትገባለች።

የቆየውን መዝገብ ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምሬ እንደገና እያስገባሁት ነው። የእማማ አልጋ 17 ተብሎ ተጽፏል።