ባልዲው ፀሐይ ላይ እንዳይቆይ

ውድ የሆርቲካልቸር ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ! ወላጆችም እንኳን ለዚህ ቀን አደረሳችሁ።

ብዙዎቻችሁ በቅርቡ ሆለታ፣ ሰበታ፣ ቢሾፍቱ ወይም ዝዋይ አበባ እርሻ ትገባላችሁ። እኔም ሥራ የጀመርኩት ግሪንሃውስ ውስጥ፣ በሱፐርቫይዘርነት ነው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. ዘርፉ ሲስፋፋ ብዙ ነገር ተመቻችቶለታል። መሬት ቀረበ፣ የታክስ እፎይታ ተሰጠ፣ ልማት ባንክም ከፕሮጀክቱ ወጪ እስከ 70 በመቶ አበደረ። አየሩ ደግሞ የእግዜር ስጦታ ነው። ሆለታ ደጋ ስለሆነ ጽጌረዳው ቀስ ብሎ ያድጋል፤ እምቡጡ ትልቅ ይሆናል። ዝዋይ ሞቅ ስለሚል እምቡጡ ያንሳል፣ ምርቱ ግን ይበዛል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አበባ ወደ ውጭ በመላክ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥለን ሁለተኛ ሆንን።

ይሄ ሁሉ ግን በመጨረሻ አንዲት ልጅ እጅ ላይ ይወድቃል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ መቀሷን ይዛ መደቦቹ መሃል ትገባለች። እምቡጡን አየት አድርጋ ትወስናለች። ቀድማ ከቆረጠችው ሳይፈነዳ አንገቱን ይደፋል። ካዘገየችው መንገድ ላይ ይፈነዳል። ያንን ዓይን ለማግኘት ወራት ይፈጃል።

አንድ የሠራሁበት እርሻ ልምድ ያላቸውን ቆራጮች ትንሽ የደመወዝ ጭማሪ ከለከላቸው። ለቀቁ። የቫለንታይን ገበያ ደርሶ ነበር። አዲሶቹ ያገኙትን ቆረጡ፤ የተቆረጠው አበባ ያለባቸው ባልዲዎችም ፀሐይ ላይ ቆዩ። አበባው ቦሌ ሲደርስ ደህና ይመስል ነበር። ሆላንድ ላይ ካርቶኑ ሲከፈት ግን አንገቱን ደፍቷል። ያ ጭማሪ ከጠፋው ገንዘብ አጠገብ አይደርስም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አበባ ከተቆረጠም በኋላ ይተነፍሳል። ሙቀት ሲያገኘው ትንፋሹ ይፈጥናል፣ የያዘውን ስኳር ይጨርሳል። ለዚህ ነው ቶሎ ቀዝቃዛ ክፍል ገብቶ እስከ አውሮፕላኑ ድረስ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ መሄድ ያለበት።

አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። ኬሚካል ከተረጨ በኋላ ግሪንሃውሱ ውስጥ መግባት የሚፈቀድበት ሰዓት ሳይደርስ ሠራተኛ አታስገቡ። ትእዛዙ ከአለቃ ቢመጣም እንኳ እምቢ በሉ። ጓንትና ማስክ አልቋል ከተባለ ርጭቱ ይቁም።

ሥራ በጀመራችሁበት ቀን ቢሮ ከመግባታችሁ በፊት ከቆራጮቹ ጋር ሁለት መደብ ቁረጡ። እነሱ ያሳዩዋችኋል።

አመሰግናለሁ።