ሒሳቡስ?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ትንሽ ከሻከረባችሁ ጉንፋን ነው፣ ታገሡኝ።

ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ አንድ አጭር ጥያቄ ነው። «ሒሳቡስ?» ስለሚለው ጥያቄ።

ከሰፈራችን እድር ልጀምር። እናቴ አባል የሆነችው እኔ ሳልወለድ ነው። ልጅ እያለሁ ለዓመታዊው ስብሰባ ይዛኝ ትሄድ ነበር። ድንኳን ውስጥ እንቀመጣለን። ገንዘብ ያዡ ይነሡና መዝገቡን ይገልጣሉ። ወር በወር ያነባሉ። ይህን ያህል ገባ። ለእከሌ ቀብር ይህን ያህል ወጣ። ድንኳኑ ተቀዶ ለማሰፊያ ይህን ያህል ተከፈለ። ሁለት ድስት ተገዛ። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው እጁን ያወጣል። «የሁለቱ ድስት ዋጋ ለየብቻ ይነበብልን» ይላል።

ማንም አይቆጣም። ገንዘብ ያዡ መነጽራቸውን አስተካክለው ያነባሉ። «ለምን ፈለግከው?» የሚል ሰው እዚያ ድንኳን ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ገንዘቡ የጋራ ነዋ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ መንገዳችን ኮብልስቶን ሊነጠፍ ነው ተባለ። ነዋሪው ድርሻውን ያዋጣል፣ ቀሪው በመንግሥት ይሸፈናል። ሁላችንም ደስ አለን። እናቴ በሁለት ዙር ከፈለች። ደረሰኞቹንም ከመብራትና ከውኃ ደረሰኞች ጋር የብስኩት ጣሳ ውስጥ አስቀመጠች። ድንጋዩ መጣ። ሥራው ተጀመረ። ከዚያ መሀል ላይ ቆመ። እኛ በር ጋ ሳይደርስ። ዲቹም ተቆፍሮ ሳይከደን ቀረ። ክረምት ሲገባ ጎርፉ የቱ ጉድጓድ፣ የቱ መንገድ እንደሆነ አያስለይም። አንዲት ጎረቤታችን እዚያ ወድቀው እጃቸው ተሰብሯል።

እናቴ አንድ ቀን ጣሳውን ከፍታ ደረሰኞቹን እያየች እንዲህ አለችኝ። «እኔ ገንዘቡ ይመለስልኝ አላልኩም። የት እንደደረሰ ይንገሩኝ እንጂ።»

ይህቺ ዓረፍተ ነገር ናት መሥሪያ ቤት ያስኬደችኝ።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሁለተኛው ቀን ሲስተም የለም ተባለ። ሦስተኛው ቀን አንድ ወጣት ሠራተኛ አገኘሁ። ከነዋሪው ስንት ብር እንደተሰበሰበና ከሥራ ተቋራጩ ጋር የተፈረመውን ውል ማየት እንደምፈልግ ነገርኩት።

«ለምን ፈለግሽው?» አለኝ።

«ስለከፈልን» አልኩት።

«ጋዜጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሻል? ደግሞ ይሄ በቃል አይሰጥም። ከበላይ ደብዳቤ አምጪ።»

ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ። አፈርኩ። የሰው ጓዳ ገብቼ ድስት የከፈትኩ ያህል ተሰማኝ። ከቢሮው ስወጣ ዘበኛውን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ቤት ከደረስኩ በኋላ ግን ኀፍረቱ ከየት እንደመጣ ማሰብ ጀመርኩ። እድር ላይ ጨዋነት የሆነው ጥያቄ እዚህ እንዴት ድፍረት ሆነ? የሚጠየቀውኮ ያው የእናቴ ገንዘብ ነው።

ቁጭ ብዬ ሕጉን አነበብኩ። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን አማርኛ ነው፣ ማንም ማንበብ ይችላል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። አንቀጽ 29 ላይ ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ ማግኘት መብት መሆኑ ተጽፏል። ከዚያ አዋጅ ቁጥር 590/2000 መጣ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ይባላል።

ወጣቱ «ጋዜጠኛ ነሽ?» ያለኝ ለምን እንደሆነ እዚህ ጋ ገባኝ። አዋጁ ሲወለድ ከሚዲያ ሕግ ጋር በአንድ አንቀልባ ታዝሏል። ስሙ ሲጠራ ቀድሞ የሚመጣው «መገናኛ ብዙኃን» ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ወጥቶ የሚዲያውን ክፍል ተካው። የመረጃው ክፍል ግን በሥራ ላይ ቀረ። ሆኖም ብዙ ሰው እስካሁን የጋዜጠኞች ጉዳይ ይመስለዋል። አይደለም። የማንኛውም ሰው ነው። መጻፍ የማይችል ሰው በቃሉ እንዲጠይቅ እንኳ ሕጉ ይፈቅዳል። ይህን ሳነብ እድራችን ውስጥ ፊደል ያልቆጠሩ፣ ግን ሒሳብ የማይሳሳቱ እናቶች ትዝ አሉኝ።

መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። አልሰጥም ካለም ምክንያቱን በጽሑፍ ይነግራችኋል። በመልሱ ካልተስማማችሁ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ከዚያ ለፍርድ ቤት አቤት ማለት ይቻላል። በእርግጥ የማይሰጡ መረጃዎች አሉ። የሰው የግል ጉዳይ፣ የአገር መከላከያና ደኅንነት፣ የንግድ ሚስጥር፣ በምርመራ ላይ ያለ ወንጀል። ይህ ተገቢ ነው። የእኛ ሰፈር ዲች ግን የአገር ሚስጥር አይደለም።

አንድ ነገር ግን ቅር ብሎኛል። ሕጉ የመረጃ ጥያቄ ተቀብሎ እንዲመልስ ኃላፊነት የሰጠው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው። አስቡት፤ የሕዝብ ግንኙነት ሥራ በብዙ ቦታ የመሥሪያ ቤቱን መልካም ገጽታ መገንባት ነው። ጠዋት ስለተመረቀው ፕሮጀክት ዜና የሚሠራ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ስለቆመው ፕሮጀክት ሰነድ አውጥቶ እንዲሰጠኝ ይጠበቃል። ሰውየው ቅን ቢሆን እንኳ ከባድ ነው። ሁለቱ ሥራዎች በተለያየ እጅ ቢሆኑ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ትንሽ ራቅ ያለ አገር ልውሰዳችሁ። ሕንድ፣ ራጃስታን። ይህን ታሪክ ካወቅኩ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ራጃስታን ድርቅ የሚያጠቃው ክፍለ አገር ነው። የገጠር ሰዎች በመንግሥት የዕርዳታ ሥራዎች ላይ በቀን ሠራተኝነት መንገድ ይሠራሉ፣ ኩሬ ይቆፍራሉ። ክፍያው ሲመጣ ግን ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች ሆኖ ያገኙታል። ለምን ሲሉ «መዝገቡ ላይ ይህን ያህል ሥራ አልሠራችሁም ነው የሚለው» ይባላሉ። እሺ፣ መዝገቡን አሳዩን ሲሉ የመንግሥት ሚስጥር ነው ተባሉ። እንግሊዞች ሕንድን ሲገዙ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1923 ያወጡት የሚስጥር ሕግ ገና በሥራ ላይ ነበርና።

እንደ ፈረንጆቹ በ1990 አሩና ሮይ የምትባል ሴት ከጓዶቿና ከገበሬዎቹ ጋር አንድ የሠራተኞችና የገበሬዎች ማኅበር መሠረተች። አሩና ቀደም ሲል ከፍተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ነበረች፤ ሥራዋን ትታ ነው ገጠር የገባችው። በ1994 ማኅበሩ የሕዝብ መስሚያ ጉባኤ ጀመረ። እንዴት መሰላችሁ? ድንኳን ይተከላል። የመንደሩ ሰው ይሰበሰባል። እንደምንም የተገኘው የመንግሥት መዝገብ ጮክ ተብሎ ይነበባል። እከሌ ይህን ያህል ቀን ሠርቶ ይህን ያህል ተከፈለው። ሰዉ ይነሣና «እሱ ከሞተ ቆይቷል!» ይላል። ቀጥሎ የአንድ ሕንፃ ወጪ ይነበባል። ሰዉ «የትኛው ሕንፃ?» ይላል። ሕንፃው የለማ።

ይህን ሳነብ የታየኝ የእኛ እድር ነው። ድንኳኑ፣ መዝገቡ፣ ከኋላ እጁን የሚያወጣው ሰው።

በ1996 ደግሞ ቤያዋር የምትባል ከተማ ላይ መዝገቡ ይከፈትልን ብለው ለተቃውሞ 40 ቀን ተቀመጡ። የከተማው ነጋዴ አትክልት፣ እህል ያቀብላቸው ነበር። መፈክራቸው ምን እንደነበር ልንገራችሁ። «ሃማራ ፓይሳ፣ ሃማራ ሂሳብ።» የእኛ ገንዘብ፣ የእኛ ሒሳብ ማለት ነው። ሰማችሁ? ሂሳብ! ከዓረብኛ ወደ እነሱም ወደ እኛም የገባ ቃል ነው። መፈክሩን ያለ አስተርጓሚ እናቴ ግማሹን ትረዳዋለች።

ከዚያ ጥያቄ ነው ሕግ የተወለደው። መጀመሪያ በራጃስታን በ2000፣ ከዚያ በመላው ሕንድ በ2005። ጠያቂው 10 ሩፒ ይከፍላል፤ ድሃ ከሆነ በነፃ ነው። ለምን እንደፈለገው እንዲናገር አይገደድም፤ ይህ በሕጉ በግልጽ ተጽፏል። እኔን በጣም የሳበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ያለ በቂ ምክንያት መልስ ያዘገየ ሠራተኛ በቀን 250 ሩፒ፣ እስከ 25,000 ሩፒ ድረስ ይቀጣል። ቅጣቱ ከመሥሪያ ቤቱ በጀት አይወጣም። ከገዛ ኪሱ ነው።

ያንን «ለምን ፈለግሽው?» ያለኝን ወጣት ያስታወስኩት እዚህ ላይ ነው። ክፉ ልጅ አልነበረም። ፈርቶ ነበር። ሰነዱን ቢሰጠኝና አለቃው ቢቆጣ ችግሩ የእሱ ነው። ባይሰጠኝ ግን ማንም ምንም አይለውም። እሱ ቦታ ብሆን እኔስ ምን አደርግ ነበር? መስጠት አደጋ፣ መከልከል ሰላም በሆነበት ቢሮ ውስጥ ሕጉ መሳቢያ ውስጥ ይተኛል።

ሕንድም ገነት አይደለችም። እዚያ መረጃ በመጠየቃቸው የተደበደቡ፣ የተገደሉም ሰዎች አሉ። ይህን ሳልናገር ባልፍ ልክ አይሆንም። የጠየቁት ነገር ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያሳያል።

ወንድሜ አሜሪካ ነው የሚኖረው፣ ዋሽንግተን አካባቢ። ይህን ስነግረው «እኔኮ የራሴን የኢሚግሬሽን ፋይል ጠይቄ አስወጥቻለሁ» አለኝ። እዚያ ያሉ ብዙ አበሾች ጠበቃ ሲይዙ የሚያደርጉት ነገር ነው። የአሜሪካው የመረጃ ነፃነት ሕግ እንደ ፈረንጆቹ ከ1966 ጀምሮ አለ። ፋይሉ ሲመጣ አንዳንዱ መስመር ተሸፍኖ ነበር። አጠገቡ ግን በየትኛው የሕግ ቁጥር እንደተሸፈነ ተጽፏል። ከቀጠሮው ዘግይቶም ነበር የመጣው። የቀናሁት በተሰጠው ገጽ አይደለም፤ በተከለከለው ነው። እምቢታው ቁጥር ነበረው። እኔ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ የሰማሁት ሁሉ በአፍ ነው። «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለው ቃል ማኅተም የለውም። ይግባኝ አይባልበትም።

ስለዚህ አራተኛ ጊዜ ስሄድ ጽፌ ሄድኩ። አንድ ገጽ። ስሜን፣ አድራሻዬን፣ የምፈልገውን በሦስት መስመር። ከነዋሪው የተሰበሰበው ጠቅላላ ገንዘብ፣ የሥራ ውሉ ቅጂ፣ እስካሁን ለሥራ ተቋራጩ የተከፈለው። ከታች የአዋጁን ቁጥር ጠቀስኩ። ሁለት ኮፒ አደረግኩ። ለማንም አልሰጥም ብዬ ቀጥታ መዝገብ ቤት ገባሁ።

መዝገብ ቤት አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ። ማመልከቻውን ቀስ ብለው አነበቡት። ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ደግሞ «ለምን ፈለግሽው?» እስኪሉኝ ጠበቅኩ።

«የእኛም ሰፈር እንደዚሁ ነው» አሉኝ።

ሌላ ምንም አልተናገሩም። መዝገባቸውን ከፍተው ገቢ አደረጉት። ቁጥርና ቀን ጻፉ፣ በእኔ ኮፒ ላይም ማኅተሙን መቱልኝ። «ለሚመለከተው ክፍል ይመራል፤ ይህን ቁጥር እንዳትጥዪ፣ ልጄ» አሉኝ።

ስመለስ ስለ «ባለጉዳይ» የሚለው ቃል እያሰብኩ ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የምንጠራበት ስም ነው። ባለጉዳይ ውጭ ይጠብቅ፣ ባለጉዳይ ረቡዕ አይስተናገድም። ቃሉን ፍቺው ግን የጉዳዩ ባለቤት ማለት ነው።

ሰነዱ ሲመጣ ምናልባት ሁሉም ነገር በትክክል የተሠራ ሆኖ አገኘው ይሆናል። ድንጋይ ተወድዶ፣ በጀት አልቆ ይሆናል። ይህም ቢሆን እቀበለዋለሁ። ጎረቤቶቻችንም የሚቀበሉት ይመስለኛል። እድራችን አንድ ዓመት ኪሳራ ላይ ወድቆ ያውቃል። ገንዘብ ያዡ ምክንያቱን አንብበው፣ ሰዉ ተነጋግሮ፣ ወርኃዊ መዋጮው ጨመረ። ማንም ከእድሩ አልወጣም።

ማመልከቻዬ ገቢ ከሆነ ዛሬ 19ኛ ቀኑ ነው። 11 ቀን ይቀራል። መልስ ከመጣም ካልመጣም እነግራችኋለሁ። ማኅተም ያለበትን ኮፒ እናቴ ወስዳ የብስኩት ጣሳዋ ውስጥ ከደረሰኞቹ ጋር አስቀምጣዋለች።