ጥይት የማይመክት ሄልሜት መቼ ይበቃል? የግጭት ሄልሜትና የጥይት ሄልሜት አመራረጥ

(በስክሪኑ፦ ሁለት ጥቁር ሄልሜቶች ጎን ለጎን። የፊት ሳህን፣ የጎን ሀዲድ፣ የአገጭ ማሰሪያ ሁሉ አንድ ዓይነት።)

እነዚህን ሁለቱን ከዚህ ርቀት ለይታችሁ አታውቋቸውም። ቅርጻቸውም ቀለማቸውም አንድ ነው፤ የሌሊት መነጽር የሚሰካበት የፊት ሳህንም ያው ነው። የግራው ግን ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ማለትም ፖሊካርቦኔት ነው። ራስን ከበር ጉበን፣ ከመኪና ጣሪያና ከድንጋይ ያድናል፤ ጥይት ግን ሳይቸገር ያልፍበታል። የቀኙ ኬቭላርን የመሰለ የአራሚድ ጨርቅ ተደራርቦ፣ በሙጫና በሙቀት ተጨምቆ የተሠራ ነው። የመጀመሪያውን የግጭት ሄልሜት፣ ሁለተኛውን የጥይት ሄልሜት እንበላቸው።

ከጥይቱ እንጀምር፤ ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ የጥይት ሄልሜቶች «ሦስት ኤ» የሚል ደረጃ ተለጥፎባቸዋል። ይህ የሽጉጥ ደረጃ ነው። 8 ግራም የሚመዝን የ9 ሚሊሜትር ጥይት በሰከንድ 430 ሜትር ገደማ ሲመጣ መያዝ አለበት። የክላሽ ጥይትም ክብደቱ ወደ 8 ግራም ነው፤ ፍጥነቱ ግን በሰከንድ 715 ሜትር አካባቢ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ጉልበቱ በካሬ ስለሚያድግ፣ የሽጉጡ ጥይት 740 ጁል ሲይዝ የክላሹ ከ2,000 ያልፋል። ጫፉም ሹል ነው። ስለዚህ ሦስት ኤ ሄልሜት ክላሽን ይመክታል ብሎ ማሰብ ነፍስ የሚያስከፍል ስህተት ነው። የጠመንጃ ጥይት እንችላለን የሚሉ ሄልሜቶች አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ የሚችሉት የተወሰነ የጥይት ዓይነትን በተወሰነ ፍጥነት ነው። «ጠመንጃ ይችላል» የሚል ማስታወቂያ የትኛውን ጥይት እንደሆነ ካልነገራችሁ ምንም አልነገራችሁም።

ታዲያ ክላሽ ካልመከተ ወታደሩ ለምን ይለብሰዋል? ለፍንጣሪ ነው። ፈረንሳይ በ1915 ለወታደሮቿ የብረት ሄልሜት ያደለችው ከመድፍ ፍንጣሪ ራስ እንዲተርፍ እንጂ ጥይት እንዲመክት አልነበረም። ዛሬም ሞርታር፣ የእጅ ቦምብና ከድሮን የሚጣል ፈንጂ ባለበት ሁሉ የጥይት ሄልሜት ዋና ሥራው ይኸው ነው። ፍንጣሪን የሚለካበት መንገድም የተለየ ነው። 1.1 ግራም የምትመዝን የብረት ቁራጭ በተለያየ ፍጥነት እየተተኮሰች፣ ግማሹ ጊዜ የምታልፍበትና ግማሹ ጊዜ የምትያዝበት ፍጥነት ይፈለጋል። ስሙ ቪ-ሃምሳ ይባላል። በ1980ዎቹ የአሜሪካ ጦር የለበሰው የኬቭላር ሄልሜት ቪ-ሃምሳው በሰከንድ 610 ሜትር ገደማ ነበር። ሻጭን ስትጠይቁ ከ«ሦስት ኤ» ይልቅ ይህን ቁጥር ጠይቁት። የማያውቀው ከሆነ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

(በስክሪኑ፦ የሄልሜት ቁራጭ በጎን። ጥይቱ ቅርፊቱ ላይ ቆሟል፤ ከውስጥ በኩል ግን እብጠት ይታያል።)

አሁን ብዙ ሰው ወደማያየው ነገር እንግባ። ጥይቱ ተያዘ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ቅርፊቱ ወደ ውስጥ ያብጣል፤ እብጠቱ የራስ ቅልን ከነካ አጥንት ሊሰብር ይችላል። የአሜሪካ ጦር ለኤሲኤች ሄልሜቱ የፈቀደው እብጠት ከፊትና ከኋላ እስከ 25.4 ሚሊሜትር፣ ከጎን እስከ 16 ሚሊሜትር ነው። የዚያው ሄልሜት መደበኛ ፓድ፣ ማለትም ከቅርፊቱ ውስጥ ራስ ላይ የሚያርፈው ስፖንጅ፣ ውፍረቱ 19 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩ፤ ደረጃውን ያለፈ ሄልሜት እንኳ ፊት ለፊት ሲመታ እብጠቱ ከፓዱ ውፍረት ሊበልጥ ይችላል።

እንግዲህ «ሄልሜቱ ራሴ ላይ ከፍ አለብኝ» ብሎ ፓዱን በቀጭን የሚቀይር ሰው ምን እንዳደረገ ይታያችሁ። ወይም ሙቀት ሰልችቶት ከሰባቱ ፓዶች ሁለቱን ነቅሎ የጣለ። መቶ ዶላር የማታወጣው ስፖንጅ የሺህ ዶላሩን ቅርፊት ዋጋ ታሳጣዋለች። ሄልሜቱ የሚጠብቅ ከሆነ ፓድ አታቅጥኑ፤ አንድ ቁጥር ትልቅ ሄልሜት ውሰዱ።

ፓዱ ለግጭትም ወሳኝ ነው፤ እዚህ ላይ የጥይት ሄልሜት ከሚገመተው በታች ነው። ኤሲኤች በግጭት የሚፈተነው በሰከንድ 3.05 ሜትር ፍጥነት ነው፤ ይህ ግማሽ ሜትር እንኳ ከማይሞላ ከፍታ መውደቅ ማለት ነው። አንዳንድ አምራቾች ከዚህ አልፈው በሰከንድ 4.3 ሜትር ይፈትናሉ፤ ያም ከአንድ ሜትር በታች ነው። የአሜሪካ የሞተር ብስክሌት ሄልሜት ደረጃ ደግሞ ከ1.83 ሜትር ይጥለዋል፤ በሰከንድ 6 ሜትር፣ ከወታደሩ ፈተና አራት እጥፍ የሚጠጋ ጉልበት። ስለዚህ ከሁለቱ ሄልሜቶች አንዳቸውም ለሞተር አይሆኑም። ጥይት የያዘ ሄልሜት አስፋልትማ አያቅተውም የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ ፈተናው ሌላ፣ አረፋው ሌላ ነው።

በነገራችን ላይ፣ የግጭት ሄልሜትም ለሁሉም ግጭት አይደለም። ለግንባታ ቦታ የአውሮፓው ኢኤን 397 አለ፤ 5 ኪሎ ክብደት ከ1 ሜትር ሲወድቅበት ወደ ራስ የሚያልፈው ኃይል ከ5 ኪሎኒውተን እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ለተራራ መውጣት ኢኤን 12492፣ ለወንዝ ጀልባ ኢኤን 1385 አሉ። ወታደራዊ መልክ ያለው የግጭት ሄልሜት እነዚህ ቁጥሮች ካልተጻፉበት የደህንነት ተቆጣጣሪው ቢመልሳችሁ ትክክል ነው።

(በስክሪኑ፦ ሚዛን። እቃዎች አንድ በአንድ ይጨመራሉ።)

ክብደት። የግጭት ሄልሜት ከነፓዱ ከ600 እስከ 900 ግራም ይመዝናል። የጥይቱ ከ1.1 እስከ 1.6 ኪሎ። ልዩነቱ ግማሽ ኪሎ ቢሆን ምናለበት ይባላል። 1.4 ኪሎ ሄልሜት አንሡ፤ ሁለት ዓይን ያለው የሌሊት መነጽር 450 ግራም፣ የጆሮ መከላከያና ሬዲዮ 400 ግራም፣ መብራትና ባትሪ 150 ግራም ጨምሩበት። 2.4 ኪሎ ሆነ። መነጽሩ ደግሞ ከግንባር ፊት ስለሚንጠለጠል አንገትን ወደፊት ይጎትታል፤ ለማመጣጠን ከኋላ ሌላ ክብደት ይታሰራል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሰውየው ማሰሪያውን ያላላል፣ ከዚያ ሄልሜቱን ወደኋላ ይገፋዋል፣ በመጨረሻ አውልቆ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። የአደጋ ጊዜ ወንበር ላይ ያለ ሄልሜት ደረጃው ምንም ቢሆን ዜሮ ነው።

እንግዲህ ማን የቱን ይምረጥ? የፍለጋና ነፍስ አድን ሠራተኛ፣ ማታ በሌሊት መነጽር የሚሠለጥን ሰው፣ ከሄሊኮፕተር የሚወርድ፣ በፈራረሰ ሕንፃ ውስጥ የሚገባ፦ ተኩስ በሌለበት ሁሉ የግጭቱ ይበቃል፤ እንዲያውም ይሻላል። ከባድ መሣሪያ በሚወድቅበት አካባቢ የሚሠራ ጋዜጠኛ፣ የካሜራ ባለሙያ፣ የሕክምና ሠራተኛ፣ ፈንጂ አምካኝ፦ የጥይቱን፣ ያለ ድርድር። ሽጉጥ የታጠቀ ዘራፊ ሊገጥመው የሚችል የገንዘብ አጃቢም እንዲሁ። አስቸጋሪው ሰልፍ የሚዘግብ ሰው ነው። ድንጋይና ዱላ ብቻ ከሆነ የግጭቱ ይበቃዋል፤ ተኩስ የመከፈት ዕድል ካለ ግን ቀለል ያለውን መምረጥ ቁማር ነው። ለጋዜጠኛ ሌላም ነገር አለ፦ ወታደራዊ አረንጓዴና ዝንጉርጉር ቀለም አትግዙ፤ ከሩቅ ወታደር ያስመስላል።

አቆራረጡም የምርጫው አካል ነው። ጆሮ ላይ የተቆረጠው ከፍ ያለ ሄልሜት ለጆሮ መከላከያ ቦታ ይሰጣል፣ ቀለልም ይላል። በምላሹ ከጆሮ በላይ ያለውን የራስ ክፍል ለፍንጣሪ ክፍት ያደርጋል። የጆሮ ሬዲዮ የማትጠቀሙና ስጋታችሁ ሞርታር ከሆነ፣ ጆሮ የሚሸፍነው አሮጌው ቅርጽ ይሻላችኋል። ፋሽን ስላልሆነ ዋጋውም ይቀንሳል።

ወደ ግዢው። ጥሩ የግጭት ሄልሜት ከ150 እስከ 400 ዶላር፣ ስመ ጥር አምራች የሠራው የጥይት ሄልሜት ከ600 እስከ 1,500 ዶላርና በላይ ያወጣል። በ40 ዶላር የሚሸጠው ለጨዋታ የተሠራ ፕላስቲክ ነው፤ አንዳንዱ ለግጭትም አይሆንም።

ሁለተኛው ወጥመድ «በኤንአይጄ የተመሰከረ» የሚለው ነው። ኤንአይጄ የአሜሪካ ብሔራዊ የፍትሕ ተቋም ነው፤ የሚመሰክረው የጥይት መከላከያ ሰደርያን ነው፤ ሄልሜትን አይመሰክርም። ስለ ሄልሜት ያወጣው መመዘኛ የ1981 ሲሆን ሦስት ኤ የሚል ደረጃ ጭራሽ የለውም፤ ስያሜው ከሌሎች የመከላከያ ዕቃዎች ደረጃ የተወሰደ ነው። ስለዚህ ሻጩን የምስክር ወረቀት ሳይሆን የቤተ ሙከራ ሪፖርት ጠይቁት። ሪፖርቱ ላይ የሞዴሉ ስም፣ የተፈተነው መጠን፣ የምርት ቁጥሩ፣ የጥይቱ ዓይነትና ፍጥነት፣ የእብጠቱ ልክ በሚሊሜትር መኖር አለበት። እብጠቱን የዘለለ ሪፖርት ግማሽ ሪፖርት ነው።

(በስክሪኑ፦ ጣት የሄልሜቱን ጠርዝ ጎማ በጥቂቱ ገልጦ ያሳያል።)

እጃችሁ ላይ ያለው የቱ እንደሆነ ካላወቃችሁ መጀመሪያ ውስጡን ዩት። የጥይት ሄልሜት የአምራች ስም፣ መጠን፣ የምርት ቀንና ቁጥር የያዘ መለያ አለው፤ የግጭቱ አብዛኛውን ጊዜ ጥይት እንደማይመክት ተጽፎበታል። የአየር መተላለፊያ ቀዳዳ ካለው የግጭት ነው፤ ማንም ጥይት በሚይዝ ቅርፊት ላይ የንፋስ ቀዳዳ አይከፍትም። የጠርዙ ጎማ የሚነሣ ከሆነ በጥቂቱ ገልጣችሁ ዩ፦ የጥይቱ ውፍረት ያለው ድርብርብ ጨርቅ ያሳያል፣ የግጭቱ ቀጭንና ወጥ ፕላስቲክ። ግን ተጠንቀቁ፤ መለያ የሌለውን በጎማው ብቻ አምናችሁ ወደ ተኩስ አትግቡ።

ልክ ሲወሰድ ሜትር ከቅንድብ 2 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ በራስ ዙሪያ ይዞራል። ሹሩባ ያለው ሰው ወይም ሻሽ የሚያስር ሰው እንደሚሠራበት ሆኖ ይለካ፤ ጠጉሩን በፈታ ቀን የሚገጥመው ሄልሜት በሹሩባ ቀን አናት ላይ ይቀመጣል። ስታጠልቁት የፊት ጠርዙ ከቅንድብ አንድ ወይም ሁለት ጣት ከፍ ይበል። የአገጩን ማሰሪያ አጥብቃችሁ ራሳችሁን አወዛውዙ፤ የግንባር ቆዳችሁ አብሮት ካልተንቀሳቀሰ ላልቷል።

ከአሜሪካ ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ የጥይት ሄልሜት በወጪ ንግድ ቁጥጥር ሥር ስለሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ፤ የሚገባበትንም አገር ጉምሩክ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ።

የጥይት ሄልሜትን በድሪል አትብሱ። አዲስ ቀዳዳ ንብርብሩን ያላቅቃል፣ ጥራቱ ያልታወቀ ብሎን ደግሞ ሲመታ ራሱ ፍንጣሪ ይሆናል። አንዳንድ የጥይት ሄልሜት በአራሚድ ፋንታ ፖሊኢትሊን ከሚባል ፕላስቲክ ይሠራል፤ እሱን ፀሐይ በሚመታው መኪና ዳሽቦርድ ላይ አትተዉ፤ ሙቀት ይጎዳዋል። አራሚዱን ፀሐይና እርጥበት ያዳክሙታል። ፖሊካርቦኔቱን በቤንዚን ወይም በአሴቶን አትጥረጉ፣ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይፈጥራል፤ ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃዋል። ጥይት ወይም ፍንጣሪ ያገኘው ሄልሜት ደህና ቢመስልም ይጣላል። ሲሚንቶ ላይ ከወደቀ ደግሞ ፓዱን አውጥታችሁ ቅርፊቱን በሳንቲም ዙሪያውን አንኳኩ፤ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ከሌላው ተለይቶ ደነዝ ካለ ንብርብሩ እዚያ ጋ ተላቅቋል፣ ከዚያ በኋላ ለሥልጠና ካልሆነ አይለበስም።