ጀበናና መርከብ፦ ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር

እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደምን አመሻችሁ?

የዘንድሮው የማኅበራችን ሽርሽር ከዚህ ከአሜሪካ ወደ ባሃማስ ደሴቶች በመርከብ ይሁን ከተባለ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ሁለቴ ስለሄድኩ ብቻ ካፒቴን አድርጋችሁኛል! እሺ፣ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ከጥፋቴ ልጀምር። የመጀመሪያውን ጊዜ እናቴን ይዤ ሄድኩ። እናቴ ያለ ቡና ከቤት አትወጣም። ሻንጣዋ ውስጥ ጀበና፣ ስድስት ሲኒ፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃና በላስቲክ የተቋጠረ ዕጣን ነበር። ፍተሻ ላይ ተከፈተ። ጠባቂው ምድጃውን አወጣ፤ ዕጣኑንም ፈታ አድርጎ አሸተተ። ለካ መርከብ ላይ እንደ እሳት የሚፈራ ነገር የለም። ሁለቱንም ወረቀት ለጥፎ አስቀመጠብን። እናቴ ጀበናዋን አቅፋ ገባች። ጀበናው አራት ቀን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ባሕር ሲያይ ከረመ።

ለብዙዎቻችን ባሕር ማለት ጣና ነው፤ ታላላቆቻችን ምጽዋን ያስታውሳሉ። መርከብም የሆነ ቦታ የሚያደርስ ነገር ይመስለናል። የዛሬዎቹ ግን ራሳቸው ከተማ ሆነዋል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው።) በ2024 ከማያሚ ሥራ የጀመረው «አይከን ኦቭ ዘ ሲስ» ርዝመቱ 365 ሜትር ገደማ፣ ፎቁ 20 ነው። ጢም ብሎ ሲሞላ 7,600 መንገደኛ ይይዛል፤ ሠራተኛው ብቻ 2,350 ነው። በውስጥ ስፋቱ ከለካነው ታይታኒክን አምስት እጥፍ ያህላል። ባለቤቶቹ እናንተ ወደብ ባትወርዱ ደስታቸው ነው፤ ገንዘባችሁ እዚያው ይቀራላ።

ብትወርዱም ብዙ አትርቁም። ኩባንያዎቹ የራሳቸውን ደሴትና ዳርቻ እየሠሩ ነው። ሮያል ካሪቢያን የተባለው ኩባንያ ባሃማስ ውስጥ ኮኮኬይ የሚባል ደሴት አለው፤ ካርኒቫል የተባለውም በ2025 ግራንድ ባሃማ በተባለው የባሃማስ ደሴት ላይ የራሱን ዳርቻ ከፍቷል። ባሃማስ አየሁ ብሎ የሚመለሰው ሰው ያየው የኩባንያውን አሸዋ ነው። ለምን ሁልጊዜ ባሃማስ? አንደኛ ቅርብ ነው፤ ነዳጅ ይቆጥባል። ሁለተኛ፣ የ1886 የአሜሪካ ሕግ አለ። የውጭ ባንዲራ የያዘ፣ ማለትም ሌላ አገር የተመዘገበ መርከብ ከአሜሪካ ወደብ መንገደኛ ጭኖ እዚያው ሲመልስ፣ መሐል ላይ የውጭ አገር ወደብ መንካት አለበት። አብዛኞቹ ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች ደግሞ ባንዲራቸው የውጭ ነው።

ከተሞቹም ሰልችቷቸዋል። ቬኒስ ላይ የጣሊያን መንግሥት በ2021 ትልልቆቹን ከከተማው እምብርት አስወጣ። የአላስካዋ ጁኖ ከ2024 ጀምሮ በቀን ከአምስት ትልልቅ መርከብ በላይ እንዳይመጣባት ተስማምታለች። አልፈርድባቸውም።

እኛ የምንነሣው ከባልቲሞር ነው፤ ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። በ2024 የባልቲሞር ወደብ መግቢያ ላይ ያለው የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ሲወድቅ መርከቦቹ ለጊዜው ቨርጂኒያ ወዳለው ኖርፎክ ተዛውረው ነበር፤ አሁን ተመልሰዋል። ግዙፎቹ ግን እዚህ አይመጡም፤ ቁመታቸው ስለሚበልጥ መንገዱ ላይ ባለው በቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ሥር አያልፉም። ለእኔ ይሄ ጥቅም ነው። መካከለኛ መርከብ ላይ ሰው አይጠፋፋም።

ዋጋውን ልብ በሉ። ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር ለሁለት ሰው በሚሆን ክፍል የአንዱ ድርሻ ነው። ብቻውን የሚያድር የሁለት ሰው ያህል ይከፍላል። ጉርሻ በየቀኑ በነፍስ ወከፍ ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ይጨመራል። ኢንተርኔት፣ ለስላሳ መጠጥ ሳይቀር ለብቻው ነው።

አሁን የምናገረውን እባካችሁ ስሙኝ። መርከቡ ባሃማስን ነክቶ ሲመለስ እንደ አዲስ ወደ አሜሪካ እየገባችሁ ነው። ጥገኝነት ጠይቃችሁ ውሳኔ የምትጠብቁ፣ ከኢሚግሬሽን ቅድመ ፈቃድ ሳትይዙ ብትወጡ ማመልከቻችሁን እንደተዋችሁ ሊቆጠር ይችላል። ለጥየቃ የመጣች እናትም ቪዛዋ ነጠላ መግቢያ ከሆነ ከወደብ አትለፍ። ጠበቃ ጠይቁ፤ «እከሌ ሄዶ ምንም አልሆነም» አይሠራም።

ሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን) ያላችሁም፣ መርከቡ ከአሜሪካ ወደብ ከስድስት ሰዓት ጉዞ በላይ ከራቀ አይከፍልላችሁም። የጉዞ ኢንሹራንስ ግዙ።

መቼ እንሂድ? አንዳንዶቻችሁ ነሐሴ ብላችኋል። ነሐሴ ፍልሰታ ነው። የጾም ምግብ አይጠፋም፤ ቪጋን ነው የምበላው ካላችሁ ያዘጋጃሉ፤ እናቴ ግን ሁለተኛው ቀን ላይ «ይሄ ሣር ነው» ብላለች። ዐውሎ ነፋሱም የሚበረታው ያኔ ነው፤ መንገድ ያስቀይራል። እኔ የማቀርበው ግንቦትን ነው። በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕና ዓርብም ይበላል። የዐውሎ ነፋሱም ወቅት የሚገባው ወሩ ሊያልቅ ሲል ነው።

የምትሄዱ ሰዎች ስማችሁን ከጸሐፊያችን ዘንድ አስመዝግቡ። እናቴ ተመዝግባለች። ምድጃውን ትታለች፤ ጀበናውን ግን እይዛለሁ ብላለች።